ምዕራፍ ሰባት፦ እግሩ ደረሰ፣ እጁ ቀረ

በ2015 ግንቦት ላይ ሲያትል ከተማ ውስጥ አንድ ውድድር ተካሄደ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደጋሹ አማዞን ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ሮቦቶቻቸውን ጭነው የመጡ 26 ቡድኖች። የተሰጣቸው ሥራ ሲነገር ያሳፍራል፦ በአሥራ ሁለት ክፍሎች ከተከፋፈለ መደርደሪያ ውስጥ አሥራ ሁለት የታዘዙ ዕቃዎችን በ20 ደቂቃ ለይቶ ማውጣት። ብስኩት አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ የጎማ ዳክዬ አለ፣ የልጆች የቀለም እርሳስ አለ። ሱቅ መላክ የለመደ የሰባት ዓመት ልጅ ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ያሸነፈው የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። 148 ነጥብ አገኘ፤ ሁለተኛ የወጣው ኤምአይቲ 88፣ ሦስተኛው 35። ከአሥራ ሁለቱ ዕቃዎች አሥሩን ያወጣው ይህ የበርሊኖች ሮቦት ጣት የሚባል ነገር አልነበረውም። በክንዱ ጫፍ የታሰረው የተራ ምንጣፍ መጥረጊያ ቫኪውም ቱቦ ነው። ቱቦውን ዕቃው ላይ ያሳርፋል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ዕቃው ቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ለውድድሩ ከተዘጋጁት 25 የዕቃ ዓይነቶች ይህን ቱቦ ያቃተው አንድ ብቻ ነበር፤ ከሽቦ መረብ የተሠራ የእርሳስ ማስቀመጫ። ወንፊት ውኃ እንደማይዝ ሁሉ አየርም አይዝም።

ድሉ ድል ነው፤ ግን ሰዓት ይዘን ስናየው ይኮሰምናል። ውድድሩን የመረመሩ ሰዎች በኋላ እንደጻፉት፣ ሰው ከዚህ የከበደውን ሥራ በሰዓት 400 ዕቃ ያህል እያነሳ፣ እምብዛም ሳይሳሳት ይሠራዋል። ምርጡ ሮቦት በሰዓት ወደ 30 ዕቃ ነው የደረሰው፤ ያውም ከመቶ 16 ያህሉን እየሳተ።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን መደርደሪያው ነው። ለውድድሩ የቀረበው መደርደሪያ አማዞን መጋዘኖች ውስጥ ሮቦቶች ተሸክመውት የሚዞሩት ዓይነት ነበር። እንግዲህ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ኩባንያ ቤት፣ አንዱ ሮቦት ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን መደርደሪያ ከነዕቃው አንስቶ ይከንፋል፤ ሌላው ከዚያው መደርደሪያ ላይ የጎማ ዳክዬ ማንሳት ይከብደዋል። የሮቦት እግር እንዲህ ፈጥኖ እጁ ለምን እንዲህ ዘገየ?

የእግሩ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ኪሳራ ነው። ሚክ ማውንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ዌብቫን በተባለ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዌብቫን አስቤዛ በኢንተርኔት እየሸጠ ቤት ድረስ የሚያደርስ፣ በዘመኑ ብዙ የተወራለት ድርጅት ሲሆን በ2001 ከሠረ። ማውንትዝ ከፍርስራሹ ይዞ የወጣው አንድ ትዝብት ነበር፦ ገንዘቡን የሚበላው ትዕዛዝ መሰብሰቡ ነው። በተለመደው መጋዘን ሠራተኛው ዝርዝር ይዞ፣ ጋሪ እየገፋ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲመላለስ ይውላል። ደሞዙ የሚከፈለው ከእጁ ይልቅ ለእግሩ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ሰው ወደ ዕቃው ከሚሄድ ዕቃው ለምን ወደ ሰው አይመጣም?

በ2003 ኪቫ ሲስተምስን አቋቋመ። ኮምፒውተር ሳይንቲስቱን ፒተር ወርማንን፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ሮቦቶች እየሠራ ዋንጫ ያነሳውን ራፋኤሎ ዳንድሬያን ይዞ። የሠሩት ሮቦት ለዓይን አይሞላም። ከጉልበት በታች የሚቀር፣ ብርቱካናማ፣ በጎማ የሚሄድ ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። ከመደርደሪያው ሥር ይገባና ባለበት ይሾራል። በሾረ ቁጥር በጀርባው ያለው ትልቅ ቡሎን እየተፈታ ወደ ላይ ይወጣል፣ መደርደሪያውንም ከመሬት ያነሳዋል። ከዚያ ተሸክሞት ይሄዳል፤ ትንሹ ሞዴል 450 ኪሎ ገደማ ይችላል።

መንገዱን እንዴት ያውቃል? ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ጥበቡም ሮቦቱ ውስጥ አይደለም። የመጋዘኑ ወለል ላይ በመስመር በመስመር የባርኮድ ተለጣፊዎች ተለጥፈዋል። ሮቦቱ ሆዱ ላይ ባለው ካሜራ አንዱን ያነብና የት እንዳለ ያውቃል፤ ትንሽ ሄዶ ቀጣዩን ያነባል። ማን መቼ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው ማዕከላዊው ኮምፒውተር ነው። ወለሉ እንደ መስታወት ተስተካክሏል፣ መደርደሪያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እግር አላቸው፣ ሰው እንዳይገባ ዙሪያው ታጥሯል። ስለዚህ ይህ ሮቦት ጎበዝ ተጓዥ ነው ማለት ይከብደኛል። ጎበዞቹ ቤቱን ለእሱ እንዲመች አድርገው የሠሩለት ሰዎች ናቸው። ሮቦቱን ከዓለም ጋር ከማላመድ ይልቅ ዓለምን ከሮቦቱ ጋር አላመዱ።

አማዞን በ2012 ኪቫን በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ቴክኖሎጂውንም ለራሱ አስቀረው። ሌሎች ባለመጋዘኖች ሜዳ ላይ ቀሩ። አንዱ የቀድሞ ደንበኛ የራሱን ሮቦት ሠርቶ ሎከስ ሮቦቲክስ የተባለውን ኩባንያ ወለደ፤ ቻይና ውስጥ ጊክ ፕላስ፣ ሕንድ ውስጥ ግሬይ ኦሬንጅ አደጉ። አማዞን ራሱ በ2025 የሮቦቶቹ ቁጥር አንድ ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ።

የተስተካከለ ዓለም ጣጣው፣ ትንሽ ነገር ስትዛነፍ ሁሉም መቆሙ ነው። አንድ ሻምፖ ከመደርደሪያ ወድቆ መሬት ላይ ቢንከባለል ሮቦቶቹ ማንሳት አይችሉም። ሰው መግባት አለበት። ለዚህ ሲባል አማዞን ለሠራተኞቹ ልዩ ማንገቻ ሠራ፤ የለበሰው ሰው ሜዳው ውስጥ ሲገባ ሮቦቶቹ ምልክቱን ተቀብለው ያዘግማሉ፣ ይሸሻሉም። በእንግሊዝ አገር ኦካዶ የተባለው የአስቤዛ ድርጅት ደግሞ ከዚህ የባሰውን አይቷል። የእሱ ሮቦቶች የሚሮጡት ወለል ላይ ሳይሆን የሸቀጥ ሣጥኖች ከተደራረቡበት ግዙፍ ፍርግርግ አናት ላይ ነው፤ ከላይ ሆነው ሣጥን እየሳቡ ያወጣሉ። በ2019 አንዶቨር ያለው መጋዘኑ አንድ ሮቦት ቻርጅ ከሚደረግበት ቦታ በተነሳ እሳት ወደመ። በ2021 ሐምሌ ደግሞ ደቡብ ምሥራቅ ለንደን ኢሪት ላይ ሦስት ሮቦቶች እርስ በርስ ተጋጭተው እሳት ተነሳ።

ሰውስ? አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ዌርሃውስ ነው የምሠራው» ሲሉ ድሮ የምናስበው መራመድና መሸከም ነበር። ሮቦት በገባበት መጋዘን መራመዱ ቀርቷል። ሠራተኛው አንድ ቦታ ይቆማል፤ መደርደሪያው ይመጣለታል፣ መብራት ወይም ስክሪን ከየትኛው ክፍል እንደሚያወጣ ያሳየዋል፣ ያወጣል፣ ሣጥን ውስጥ ያደርጋል፣ ቀጣዩ መደርደሪያ ከኋላ ተሰልፏል። እግር አረፈ እንበል? እኔ እንጃ። ድሮ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ሲሄድ ያገኛት የነበረችው ትንፋሽ መውሰጃ አብራ ሄዳለች። አሁን የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው የሚመጣው መደርደሪያ ነው፤ ትከሻና ወገብም ቀኑን ሙሉ ያንኑ እንቅስቃሴ ይደጋግማሉ። ሰውየው እዚያ የቆመው ግን በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። እጅ ስላለው።

ማታ መብራት ሲጠፋ የሰፈራችንን ባለሱቅ አስተውለን እናውቃለን። በጨለማ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ፣ በዘይትና በሳሙና መካከል ዳብሶ፣ ክብሪት ያወጣል። ሣጥኑን በአውራ ጣቱ ገፋ፣ አንዷን እንጨት ለይቶ ያዘ፣ ጫረ። ስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሮላንድ ዮሃንሶን ይህንኑ ክብሪት መጫር ለሙከራ ተጠቅሞበታል። አንዲት ሴት ክብሪት ስትጭር ይቀርጻታል፤ ሴኮንዶች ይበቋታል። ከዚያ የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዛል። ዓይኗ ያያል፣ ጡንቻዋ እንደ ወትሮው ይታዘዛል፤ ስሜት ብቻ የለም። እንጨቷ ትወድቃለች፣ ታነሳታለች፣ ትዞርባታለች፣ ያቺው ቀላል ሥራ ብዙ እጥፍ ጊዜ ትፈጃለች። የመዳፋችን ቆዳ 17,000 ያህል የመዳሰሻ ነርቭ ጫፎች አሉት። ዕቃ ከእጃችን ሊያመልጥ ገና መንሸራተት ሲጀምር፣ እኛ ሳናውቀው፣ ጣታችን ጠበቅ ያደርጋል። አብዛኛው የመጋዘን ሮቦት ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዓይን እንጂ ዳሰሳ አልነበረውም፤ ጣቷ እንደ ደነዘዘባት ሴት ነው የሚሠራው።

መሐንዲሶቹ ታዲያ የሰውን እጅ መኮረጁን ትተው በሌላ በር ገቡ። የመጀመሪያው በር ያየነው መምጠጥ ነው። በእርግጥ ዕቃውን የሚያነሳው መምጠጡ አይደለም፤ የአየር ክብደት ነው። በዙሪያችን ያለው አየር በእያንዳንዷ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል። ከጎማው ሥር ያለው አየር ተመጥጦ ሲወጣ፣ ከሌላው ወገን ያለው አየር ዕቃውን ወደ ጎማው ይገፋዋል። አፉ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ የመምጠጫ ጎማ 78 ስኩዌር ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ አየሩ ጨርሶ ቢወጣ 78 ኪሎ መያዝ ይችላል ማለት ነው። ግማሹ ብቻ ቢወጣ 39። ክንዱ ሲወነጨፍና ካርቶኑ ወደ ጎን ሲጎተት ይህ ቁጥር በፍጥነት ስለሚወርድ ማንም ጥንቁቅ መሐንዲስ ያን ሁሉ አያምነውም።

እዚህ ላይ የበርሊኖቹ ምርጫ ለምን ብልህ እንደነበረ ይገባናል። ትንሽ ፓምፕ ያለው የፋብሪካ መምጠጫ ኃይሉ ብርቱ ነው፤ ግን በጠርዙ ትንሽ አየር ሾልካ ከገባች ወዲያው ይለቃል። የቫኪውም መጥረጊያ ግን የሚመጥበት ኃይል ደካማ ሆኖ የሚስበው አየር ብዙ ነው፤ ቢያፈስም እያፈሰሰ ይይዛል። የተጨማደደ ላስቲክ፣ ጎርበጥባጣ ማሸጊያ፣ ጸጉራም አሻንጉሊት አይመልሰውም። መምጠጥን የሚያሸንፈው ሌላ ነው። መጽሐፍን በሽፋኑ ብታነሱት ሽፋኑ ተነስቶ መጽሐፉ ይከፈታል፤ ከረጢትን ብታነሱ ውስጡ ያለው ዕቃ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። የእርሳስ ማስቀመጫውን ነገር ብለናል።

ሁለተኛው በር እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ቡና አለበት። በ2010 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኮርኔልና አይሮቦት ከተባለው ኩባንያ የተውጣጡ ተመራማሪዎች፣ ኤሪክ ብራውን፣ ሃይንሪክ ዬገር፣ ሆድ ሊፕሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ጣት የሌለው መጨበጫ ይዘው ቀረቡ። የተፈጨ ቡና የሞላበት የጎማ ፊኛ ነው። ፊኛው ዕቃው ላይ ሲጫን ቡናው ልክ እንደ ሊጥ የዕቃውን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል። ከዚያ በፊኛው ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ይወጣል። ያኔ የቡናው ቅንጣቶች ተጠጋግተው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ለስላሳው ፊኛ ድንጋይ ይሆናል፣ ዕቃውም ውስጡ ተይዞ ይቀራል። አየሩ ሲመለስ ይለቃል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አየር አልባ ሆኖ የታሸገ ቡና ከሱቅ ስንገዛ እንደ ጡብ ደርቆ እናገኘዋለን፣ በመቀስ ጫፉን ስንነካው እፎይ ብሎ ይፈታል። ያው ሕግ ነው። ይህ የቡና መዳፍ እንቁላል ሳይሰብር አነሳ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ካልን በኋላ ቡናችን አራተኛ ስኒ አገኘ ማለት ነው። ጉድለቱ ዕቃውን ከጎን ከጎኑ ማቀፍ ስላለበት ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ወረቀት ወይም ቀጭን ነገር ማንሳት አለመቻሉ ነው። ዕቃውን መጫንም ግድ ይለዋል፤ እንጀራ ላይ አይሆንም።

ሌሎችም አሉ፤ የዓሣ ክንፍ በጣት ሲገፉት ወደ ገፊው እንደሚታጠፍ አይተው ከለስላሳ ፕላስቲክ ጣት የሠሩ፣ በአየር የሚነፋ የጎማ ጣት ሠርተው ቲማቲም ያስለቀሙ። ሁሉም የየራሳቸው ዕቃ አላቸው፤ ሁሉን የሚያነሳ አንድ የለም። ስለዚህ በ2017 ናጎያ፣ ጃፓን ላይ የአማዞንን ውድድር ያሸነፉት አውስትራሊያውያን ሁለቱን በአንድ አደረጉ። ካርትማን የተባለው ሮቦታቸው የሰው ክንድ አይመስልም፤ ከላይ በሦስት ሐዲዶች ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ታች የሚሄድ፣ ከግንባታ ቦታ ክሬን ጋር የሚዛመድ ነገር ነው። መዳፉ ግን ይገለበጣል፦ በአንዱ ወገን መምጠጫ፣ በሌላው ሁለት ጣት። በመምጠጥ የማይሆነውን ተገልብጦ ይቆነጥጠዋል። የሽቦ መረብ እንግዲህ መፍትሔ አገኘ።

በ2025 ግንቦት አማዞን ዶርትሙንድ፣ ጀርመን ላይ ያቀረበው ቩልካን ደግሞ ዳሰሳ ይዞ መጣ። ከሥራዎቹ አንዱ ዕቃ መደርደር ነው፤ የመደርደሪያው ክፍሎች ከጨርቅ የተሠሩ፣ ፊታቸው ላይ ዕቃ እንዳይወድቅ ላስቲክ የተወጠረባቸው ጠባብ ኪሶች ናቸው። ቩልካን ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ፣ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች በስሱ ወደ ጎን ገፍቶ፣ ቦታ አበጅቶ አዲሱን ያስገባል። ምን ያህል እንደገፋ በኃይል ሴንሰሮቹ ይለካል፤ ሊሰብር ሲል ይቆማል። ኩባንያው እንዳለው ከሚያከማቻቸው የዕቃ ዓይነቶች 75 በመቶ ያህሉን ይችላል። ያልቻለው ሲመጣ ሰው ይጠራል። ከ2015ቱ ዳክዬ እዚህ ለመድረስ አሥር ዓመት ፈጀ፤ እኔ በበኩሌ ቀርፋፋ ነው አልልም።

አሁን ከመጋዘኑ እንውጣ። ሹፌር አልባ ጋሪ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባሬት ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሽቦ እየተከተለ ዕቃ የሚጎትት ተሽከርካሪ ሠርቶ ነበር። ሽቦው ካለቀበት ቦታ ግን አያልፍም። ያለ ሽቦ መሄድ ምን ያህል እንደሚከብድ በ2004 በሞሃቬ በረሃ ታየ። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ 240 ኪሎ ሜትር ያህል በራሱ ለሚነዳ መኪና ሽልማት አዘጋጀ፤ ከሁሉ የተሻለው 12 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ቆመ። በዓመቱ አምስት መኪናዎች ጨረሱ፣ የስታንፎርዱ ስታንሊም አንደኛ ወጣ። በረሃ ግን ልጅ ኳስ ተከትሎ የማይወጣበት ቦታ ነው።

ዕቃ አድራሾቹ ስለዚህ ቀርፋፋውን መንገድ መረጡ። በ2014 ስካይፕን ከፈጠሩት መካከል የነበሩት አህቲ ሄይንላና ያኑስ ፍሪስ ስታርሺፕ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ባለ ስድስት ጎማ፣ ቁመቱ ከወገብ በታች፣ በእግረኛ መንገድ ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚያዘግም ሣጥን ነው። ስድስት ጎማ ያስፈለገው የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ እንዲወጣ ነው። ግራ ሲገባው ከሩቅ የተቀመጠ ሰው በካሜራው አይቶ ይረዳዋል።

በ2019 ጥር 25 የሚሆኑት ቨርጂኒያ ውስጥ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገቡ። ሰሜን ቨርጂኒያ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት አካባቢ ነው፤ ልጆቻችንም እዚያ ይማራሉ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ መመረጡ አያስደንቅም፤ መንገዱ የተስተካከለ፣ መኪናው ጥቂት፣ ደንበኛው ሁሉ ስልክ የያዘ። የኪቫ ወለል ታናሽ ወንድም ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ፒትስበርግ ላይ የሆነው ግን የከተማ መንገድ ከመጋዘን ወለል እንደሚለይ አሳየ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አንዲት ተማሪ አስፋልት እያቋረጠች ወደ ማዶ ስትደርስ፣ ወደ እግረኛው መንገድ መውጫ የሆነችው አንዲት ዘቅዛቃ ቦታ ላይ የስታርሺፕ ሮቦት ቆሟል። ሮቦቱ ለመሻገር ተራውን እየጠበቀ ነበር። ለእግረኛ ያቺ ቦታ ከብዙ መውጫዎች አንዷ ናት፤ ለእሷ ብቸኛዋ ናት። መኪኖቹ ሊነሱ ሲሉ እሷ አስፋልት ላይ ነች። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሮቦቶቹን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ሮቦቱ ሕግ አልጣሰም፤ የቆመበት ቦታ ለሌላ ሰው ምን እንደሆነ ግን ባርኮድ አይነግረውም።

ወደ ጆርጅ ሜሰን ግቢ እንመለስ። ማታ ምግብ የታዘዘበት ማደሪያ ሕንጻ በር ላይ አንዱ ይደርሳል፣ ይቆማል። ደረጃ አይወጣም። በር ማንኳኳትም አይችልም፤ የሚያንኳኳበት እጅ የለውም። ስለዚህ ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። ያዘዘችው ተማሪ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርዳ፣ በስልኳ ቁልፉን አስከፍታ፣ ስልኩንና መጠጡን በአንድ እጇ፣ ትኩሱን ከረጢት በሌላው ይዛ ክዳኑን በክርኗ ትዘጋዋለች።